ፋሾ ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ዳር ጫማዬን እያስጠረግሁ ሳለ፣ ሊስትሮው ከአግዳሚው ሥር አንድ የቁልፍ መያዣ አነሣ። ሦስት ቁልፎች ነበሩበት፤ ከእነርሱም ጋር የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ቀለሟ የተላጠ የብረት ምልክት ተንጠልጥላለች። «ጋሼ፣ የእርስዎ ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት። ምልክቷን አገላብጦ አያትና «ችቦ ናት» ብሎ ፈረደ።

ችቦ መምሰሏ እውነት ነው። ቀጫጭን ዘንጎች ጎን ለጎን ተደርድረው በጠፍር ታስረዋል። ነገር ግን ከእስሩ መካከል የመጥረቢያ ስለት ወደ ጎን ብቅ ብሏል። ለደመራ ችቦ የሚያስር ሰው ደግሞ መጥረቢያውን እቤቱ ትቶ ነው የሚመጣው። ልጁ በእጁ የያዛት ፋሾ ነበረች።

ቃሉ የጣሊያንኛ ነው፤ እስር ወይም ነዶ ማለት ነው። የእንጨት እስርም የስንዴ ነዶም ፋሾ ሊባል ይችላል። ምልክቱ ግን ከቃሉ ይልቅ ብዙ ታሪክ ይዞ ዞሯል። በጥንቷ ሮም አንድ ሹም ከቤቱ ሲወጣ ሊክቶር የሚባሉ አጃቢዎች የዘንግ እስር በትከሻቸው ተሸክመው ይቀድሙት ነበር። ከሮም ከፍተኛ ሹሞች አንዱ የሆነው ቆንስል 12 ሊክቶር ነበሩት፤ በክፉ ቀን ለሚሾመው አምባገነን ደግሞ 24። ሸክሙ ጌጥ አልነበረም። ዘንጉ መግረፊያ፣ መጥረቢያው አንገት መቁረጫ ነው። ደስ የሚለኝ አንድ ደንብ ነበራቸው፤ ወደ ሮም ከተማ ክልል ሲገቡ መጥረቢያው ከእስሩ ይወጣል፤ በከተማው ውስጥ ዜጋው በሞት ፍርድ ላይ ለሕዝብ ይግባኝ የማለት መብት ነበረውና። መጥረቢያውን ሳያወጣ ወደ ከተማ ይገባ የነበረው አምባገነኑ ነው።

ብዙ መጻሕፍት ምልክቱን «የአንድነት ምልክት» ብለው ያልፉታል። አንድ ዘንግ ይሰበራል፣ የታሰረ ግን አይሰበርም የሚለው ሐሳብ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንል ሰዎች ነን። በዚህ ትርጉሙ የተጠቀሙበትም ብዙ ናቸው። በዋሽንግተን የሚገኘው የአብርሃም ሊንከን ሐውልት እጆቹን ያሳረፈባቸው የወንበሩ መደገፊያዎች ከፊት ለፊታቸው የፋሾ ቅርጽ ተቀርጾባቸዋል፤ የፈረንሳይ ሪፐብሊክም ይጠቀምበታል። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ የሲሲሊ ገበሬዎችና ሠራተኞች ያቋቋሟቸው ማኅበራት ራሳቸውን «ፋሺ» ብለው ነበር፤ የፋሾ ብዙ ቁጥር ነው። እነዚህን ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1894 በጦር ኃይል የበተነው ጠቅላይ ሚኒስትር ፍራንቼስኮ ክሪስፒ ነው። ስሙን እናውቀዋለን፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የዓድዋ ሽንፈት ከሥልጣን ያወረደው ሰው ነው።

ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1919 ሚላኖ ላይ የራሱን «የትግል ፋሾዎች» ሲያቋቁም ቃሉን ከመንገድ ነው ያነሣው ማለት ይቻላል። ፋሺስት የሚለውም ስም ከዚሁ ወጣ። በ1922 ሥልጣን ያዘ፤ በ1926 ፋሾ የጣሊያን መንግሥት ምልክት ሆኖ ታወጀ፤ መጥረቢያው ከነስለቱ። ዘመኑንም አዲስ አደረገው፤ በአደባባይ ሕንጻ፣ በድልድይ፣ በሳንቲም ላይ ከተለመደው ዓመት ጎን የፋሺስት ዘመን ዓመት በሮማ ቁጥር ይጻፍ ጀመር። አዲስ አበባ የተያዘችበት እ.ኤ.አ. 1936 አሥራ አራተኛው ዓመት ተብሎ ተቆጥሯል። በዚያ ዓመት በወጡት የጣሊያን ሳንቲሞች ላይ ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል «ንጉሥና ንጉሠ ነገሥት» ይባላል። ሁለተኛው ማዕረግ የእኛ ነበር።

የፓርቲው አባላት ደግሞ ፋሾ ያለበትን ትንሽ ምልክት በኮታቸው ጥለት ላይ ይሰኩ ነበር። ጣሊያኖች እርስ በርሳቸው ያወጡላት ስም «ትኋን» ነው። ከልብስ የማትላቀቅ ብትመስልም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1943 ሙሶሊኒ ሲወድቅ ከብዙ ኮት ላይ በአንድ ሌሊት ጠፋች።

ይህችን ትኋን አዲስ አበባ ውስጥ የሚያገኛት ሰው እንደ ሌላው ዓለም ሰው ሊያያት አይችልም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ወደዚህች ከተማ የገባው ጦር ይዟት ነው የገባው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ሦስት ቀን ከተማዋን ሲያቃጥሉና ሰው ሲገድሉ ከዋሉት መካከል የፋሺስት ታጣቂዎቹ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች ግንባር ቀደም ነበሩ። በኢትዮጵያ በኩል የሚጠቀሰው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። ቦምቡ የተወረወረበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። በዚያው ደጅ ጣሊያኖች የሠሩት ወደ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን። ኢትዮጵያውያን አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ የይሁዳን አንበሳ አስቀመጡበት። ከዚያ የተሻለ መልስ እስካሁን አላየሁም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር መንገድ ላይ ወድቆ ቢገኝ ምን ይደረጋል? በመጀመሪያ ዕቃውን ማንበብ ነው። ቀለሙ የለቀቀ፣ ጠርዙ የተበላ፣ የሮማ ቁጥር ያለበት ከሆነ አሮጌ ሊሆን ይችላል። አሮጌ ደግሞ በብዙ መንገድ ወደ ሰው እጅ ይገባል፤ ከአርበኛ አያት የተወረሰ ምርኮ፣ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የተገዛ ቅርስ፣ ወይም ትርጉሙን የማያውቅ ሰው ለማማሩ ብቻ ያንጠለጠለው። አዲስ የተሠራ ከሆነ፣ በተለይም ሌላ የጥላቻ ምልክት ወይም መፈክር አብሮት ካለ፣ ነገሩ ይለያል፤ ያኔ ለፖሊስ ማሳየት ተገቢ ነው። ጀርመን የናዚን ምልክት በአደባባይ ማሳየትን በወንጀል ሕጓ አንቀጽ 86ሀ ትቀጣለች። የእኛ የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚከለክለው ጥላቻ ማሰራጨትን ነው፤ ኪስ ውስጥ ያለ ብረት ስለ ባለቤቱ አሳብ ብቻውን አይመሰክርም።

ሁለተኛውን ሰዎች ይረሱታል፤ ዕቃው የጠፋ ዕቃ ነው። የጠፋ ነገር ስለ ጠፋ ባለቤት አልባ አይሆንም፤ ምልክቱ አስቀየመኝ ብሎ ቁልፉን ቱቦ ውስጥ መጣልም ቤት መዝጋት ነው። ፎቶ አንሥቶ «ፋሺስት በመካከላችን አለ» ብሎ መለጠፍ ደግሞ የባሰ ነው፤ ነገ አንዲት አሮጊት መጥታ ቁልፌን ብትል ማን ይመልስላታል?

ይህን ሁሉ ለሊስትሮው በአጭሩ ነገርኩት። መጥረቢያዋን ድጋሚ አየና «ታዲያ ችቦ አይደለችማ» አለ፤ ቁልፎቹንም ቀለም ከሚያስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ አኖራቸው። በማግስቱ ሳልፍ የሉም። አንዲት መነጽር ያደረጉ እናት መጥተው ወሰዱት አለኝ። ምልክቷ የማን እንደ ነበረች ጠየቅሃቸው ወይ አልኩት።

«እኔ የጠየቅኋቸው ስንት ቁልፍ እንደ ሆነ ነው» አለኝ ብሩሹን ሳያቆም። «ሦስት አሉ፤ ሰጠኋቸው።»