ስጦታ ምንድን ነው? የአስቤዛ ገንዘብስ?

ባል ለሚስቱ በየወሩ በቴሌብር የሚልከው የአስቤዛ ገንዘብ «የስጦታ ግብር» ያስከትላል የሚል ወሬ እዚህ ድሬዳዋ በተደጋጋሚ ይሰማል። ባለፈው ሳምንት አንዲት የሳቢያን ሰፈር ነዋሪ የሁለት ዓመት የዝውውር ዝርዝር አሳትመው፣ በየመስመሩ «ለቤት ኪራይ»፣ «ለልጅ ትምህርት ቤት»፣ «ለዘይት» ብለው በእስክሪብቶ ጽፈውበት ወደ ቢሮዬ መጡ።

ወሬውን ያስፋፋው አስተያየት ሰጪ፣ ገንዘብ ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው ከተዛወረ ስጦታ ነው፣ ከተወሰነ ጣሪያ ካለፈም ግብር አለበት ባይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በቁጥር 2427 ስጦታን ውል ያደርገዋል፤ ሰጪው ችሮታ ለማድረግ አስቦ ከንብረቱ ሊሰጥ ይገባል። በአንድ ትሪ ከቀረቡት መካከል ከፊቱ ቆርሶ የሚበላውን ተሰጠው አንልም፤ ስጦታው ጉርሻው ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት በጋብቻ ውስጥ የሚገኝ ደመወዝ የባልና ሚስቱ የጋራ ሀብት ስለሆነ፣ የአስቤዛው ገንዘብ ገና ከመላኩ በፊት በትሪው ላይ ነው። ለወላጅ የሚቆረጥ ወርኃዊ ቀለብም ሕግ የጣለው ግዴታ እንጂ ችሮታ አይደለም።

ጉርሻ ቢሆንስ? ራሱን የቻለ የስጦታ ግብር በአገራችን የለም። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ስጦታንም ቀለብንም ከግብር ነፃ ከሆኑት ገቢዎች መድቧል፤ ሆኖም የመቀጠር፣ የንግድ ወይም የኪራይ ገቢ የሆነን ስጦታ አይጨምርም፣ ስለዚህ አሠሪ የሚያጎርሰው ጉርሻ ደመወዝ ነው። አብሮ የሚኖር ወንድምም ወጪ መጋራቱና ክፍል መከራየቱ ለየቅል ናቸው፤ ሁለተኛው የኪራይ ገቢ ነው።

አስተያየት ሰጪው የጠቀሰው ጣሪያ የአሜሪካ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2025 ለአንድ ተቀባይ ከ19,000 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ያስታውቃል፤ ግዴታው የሰጪው ሲሆን፣ ማስታወቅም ወዲያው ግብር መክፈል ማለት አይደለም። አሜሪካ ካለ ዘመድ የተሰማውን እንዳለ ወደ ድሬዳዋ ከዚራ ማምጣት ስሕተት ነው።

ሳይጠየቅ የምጨምረው፦ ከጋራ ሀብት ከ100 ብር በላይ ለሌላ ሰው በስጦታ ለመስጠት የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል (መቶ ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ አንባቢ ያውቀዋል)። ይህ የድሬዳዋ ነው፤ ሐረር የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው ከዚያው ይታይ።

የሴትዮዋን ዝርዝር አይቼ ስጨርስ ያሳሰበኝ ዝውውሩ አልነበረም። «ለዘይት» የተባለውን ከባለቤታቸው ሱቅ መዝገብ ጋር ሳመሳክር፣ ያው የቤት ዘይት በንግድ ወጪነት ተቀናንሶ አገኘሁት፤ የግል ፍጆታ ደግሞ በአዋጁ ተቀናሽ ወጪ አይደለም። ግብር የሚያስከፍላቸው ያ መስመር ነው።