«ሮም ስትሄድ እንደ ሮማውያን ሁን»፦ ከቅዳሜ ጾም የተወለደ አባባል

ይህን አባባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። አዲስ ቦታ የገባ ሰው ወጉን ይልመድ፣ «እኛ ጋ እንዲህ አይደረግም» እያለ አያስቸግር ነው ትርጉሙ። አንዳንዴ ግን የአድርባይ መሸሸጊያ ይሆናል። ሲሰርቁ ሰረቅኩ፣ ሲዋሹ ዋሸሁ፤ ምን ላድርግ፣ ሮም ነበርኩ! መነሻውን ያወቀ ሰው እንዲህ ሊጠቀምበት ይከብደዋል። መነሻው የአንዲት እናት የጾም ጥያቄ ነውና።

ነገሩ የሆነው በ380ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጣሊያኗ ከተማ ሚላኖ ነው። ሞኒካ በኋላ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን መምህር የሆነውን ልጇን አውግስጢኖስን ተከትላ ከሰሜን አፍሪካ መጣች። በአገሯ ቅዳሜ ይጾማል፤ የሚላኖ ክርስቲያኖች ግን አይጾሙም። ግራ ገባት። እንደ አገሯ ትጹም ወይስ እንደ እነሱ ትብላ? አውግስጢኖስ ያኔ ገና አልተጠመቀም፤ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ደንታም አልነበረውም። እናት ናትና ግን የከተማውን ጳጳስ አምብሮስን ጠየቀላት።

አምብሮስ በመጀመሪያ ያለው «እኔ ራሴ ከማደርገው ሌላ ምን አስተምራለሁ?» የሚል ነበር። አውግስጢኖስም ምክንያት የሌለው ትእዛዝ መሰለው። ጳጳሱ ግን ነገሩን አፍታታለት። ሮም ስሄድ ቅዳሜን እጾማለሁ፣ እዚህ ስሆን አልጾምም፤ አንተም የሄድክበትን ቤተ ክርስቲያን ልማድ ያዝ፣ ለማንም መሰናክል አትሁን፣ ማንም መሰናክል አይሁንብህ አለው። ሞኒካ ደስ ብሏት ተቀበለች። ዛሬ የምንለው አጭር አባባል ከብዙ ዘመን በኋላ ከዚህ ምክር ተጨምቆ የወጣ ነው።

ምክሩ ወሰን ነበረው። አውግስጢኖስ ራሱ በ400 ገደማ ኢያኑዋርዮስ ለሚባል ሰው ሲጽፍ ነገሩን ለያይቶ አስቀምጦታል። ጥምቀትና ቁርባን በመጽሐፍ ቅዱስ የታዘዙ ናቸው። ትንሣኤን፣ ዕርገትን፣ ጰራቅሊጦስን ማክበር ደግሞ ዓለም ሁሉ የተቀበለው ነው። የቀረው እንደየቦታው ይለያያል፤ አንዱ ቅዳሜ ይጾማል ሌላው አይጾምም፣ አንዱ በየቀኑ ይቆርባል ሌላው በተወሰነ ቀን። «እንደ ሮማውያን ሁን» የሚሠራው በዚህ በመጨረሻው ላይ ብቻ ነው።

መንፈሱ ከአምብሮስም ይቀድማል። በ155 ገደማ የሰምርኔሱ ጳጳስ ፖሊካርፐስ ሮም ሄዶ ከሮሙ ጳጳስ ከአኒቄጦስ ጋር ስለ ፋሲካ ቀን ተነጋገረ። አልተስማሙም። ሆኖም አኒቄጦስ ቅዳሴውን ለእንግዳው ለቀቀለትና በሰላም ተለያዩ።

በኋላ ይህ ትዕግሥት ጠፋ። ያችው የሞኒካ ቅዳሜ የጠብ ምክንያት ሆነች። በምሥራቅ ቅዳሜ የደስታ ቀን ስለሆነች ከቀዳም ሥዑር በቀር አትጾምም። በ692 ቁስጥንጥንያ ላይ የተሰበሰበ ጉባኤ በዐቢይ ጾም ቅዳሜን የሚጾሙትን ሮማውያን ነቀፈ፤ የሚጾም ካህን ይሻር፣ ምእመንም ይወገዝ አለ። በ1054 የሮምና የቁስጥንጥንያ ወገኖች ሲወጋገዙ ደግሞ የቁርባኑ ኅብስት ይቡካ አይቡካ የሚለው ከዋነኞቹ ክርክሮች አንዱ ነበር። ስለ መንፈስ ቅዱስ ሥርፀት፣ ማለትም ከአብ ብቻ ይወጣል ወይስ ከአብና ከወልድ በሚለው መከራከሩስ ይገባኛል። ስለ እርሾ ግን!

ደግሞ ኅብስት አይቶ ማን የየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ መለየት አይቻልም። አርመኖች ከግብፅ፣ ከሶርያና ከኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በአንድ እምነት ናቸው፤ በ451 የተካሄደውን የኬልቄዶን ጉባኤ ካልተቀበሉት ወገን። ኅብስታቸው ግን እንደ ሮም ያልቦካ ነው። በተቃራኒው በሮም ሥር ያሉት የዩክሬን ግሪክ ካቶሊኮች በቦካ ይቀድሳሉ።

ፕሮቴስታንቶች ሲመጡ ያ የድሮ ምክር እንደገና ብቅ አለ። የሉተራውያን የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ (1530) በወንጌልና በምሥጢራት መስማማት ይበቃል፣ ሰው የሠራው ሥርዓት በየቦታው አንድ መሆን የለበትም ይላል። ጥያቄው «የትኛው ነው ሰው የሠራው?» የሚለው ላይ ነው። ካቶሊኩም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ሉተራዊውም ሕፃናትን ያጠምቃል። ለባፕቲስት ግን ያላመነ ሰው አይጠመቅም፤ ስለዚህ ጉዳዩ የልማድ አይደለም። ኩዌከሮች የሚባሉት ደግሞ በውኃም አያጠምቁም፣ ኅብስትም አይቆርሱም። አድቬንቲስቶች ዋና አምልኳቸውን ቅዳሜ ያደርጋሉ፤ ቀኑን ከዐሥርቱ ትእዛዛት ስለቆጠሩት «የአገሩን ልማድ ያዙ» ቢሏቸው አይሰሙም። በስዊዘርላንዷ ዙሪክማ በሕፃንነቱ የተጠመቀን ሰው አምኖ ሲመጣ ዳግመኛ ማጥመቅ በሞት ያስቀጣ ነበር፤ ፌሊክስ ማንዝ በ1527 ወንዝ ውስጥ ሰጥሞ እንዲሞት የተደረገው በዚህ ነው። እሱን «እንደ ዙሪኮች ሁን» ማለት እምነትህን ካድ ማለት ነበር።

ወደ ሞኒካ ልመለስ። በአገሯ ሳለች ገንፎ፣ ዳቦና ወይን በመሶብ ይዛ የሰማዕታት መቃብር መሄድ ልማዷ ነበር። ሚላኖም እንደዚያው ይዛ ሄደች። በረኛው መለሳት፤ አምብሮስ ከልክሏል አላት። ምንም ሳትል ተወችው። አውግስጢኖስ ይህን ሲጽፍ አንድ ነገር ጨምሯል፦ የከለከላት እንደ አምብሮስ የምትወደው ሰው ባይሆን ኖሮ፣ እናቴ እንዲህ በቀላሉ እሺ የምትል አይመስለኝም።