«ተዳፈነ» ማለት «ጠፋ» ማለት አይደለም

ባለፈው ሰሞን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን አንዲት ዘመዴ ስለ ልጇ ታጫውተኝ ነበር። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ትቷል። ጥያቄ ያበዛል። ስለ ጸሎት ሲነሳ ዝም ይላል። «ምን ላድርገው፣ የሱ እምነት እንደሆነ ተዳፍኗል፣ አልቋል» አለችኝና ከንፈሯን መጠጠች።

ያን ዕለት ማታ ደግሞ ሬዲዮ ስከፍት አንዱ ተንታኝ ስለ ሆነ ግጭት እያወራ «ይህ የተዳፈነ እሳት ነው፣ ያሰጋል» ይላል። እሷ የሞተ ነገር አደረገችው፣ እሱ አድብቶ የሚጠብቅ ጠላት አደረገው። እሳት ሲዳፈን ያየ ሰው ግን ሁለቱንም አይልም።

እኔ ያደግሁት መንዝ ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል። እንጨት እንደ ልብ አይገኝም፣ የሚነደው ኩበት ነው። ክብሪት አያቴ ቤት ለክፉ ቀን ተብሎ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ ነበር። ስለዚህ እሳት በየቀኑ አይለኮስም። እሳት ያድራል።

ማታ እራት ተበልቶ ሰው ሁሉ ወደ መኝታው ሲል አያቴ ምድጃው ስር ትቀመጣለች። ፍሙን ከጉልቻው ዳር ዳር እየሰበሰበች መሃል ታደርገዋለች። አንድ ወፍራም ኩበት ጫፉን ፍሙ ውስጥ ትቀብራለች። ከዚያ አመዱን በእጇ እያፈሰች ታለብሰዋለች፣ ለተኛ ልጅ ጋቢ እንደሚደረብለት ቀስ አድርጋ። አመዱ ከበዛ እሳቱ ይታፈናል። ካነሰ ሌሊቱን ሙሉ ሲበላ ያድርና ጠዋት ምንም አይቀርም። ልኩን የሚያውቀው እጇ ነበር። ስትጨርስ በጣቷ አመዱ ላይ መስቀል ትሠራበታለች፣ «በስመ አብ» ትላለች፣ ትተኛለች።

ከዚያ በኋላ ያ ምድጃ የሞተ ነው የሚመስለው። ብርሃን የለው፣ ጭስ የለው። አንድ ሌሊት ብርዱ ቀስቅሶኝ ተነሳሁና አየሁት። ጠፍቷል አልኩ። በእንጨት ቆሰቆስኩት። ፍሙ ተበታተነ፣ ትንሽ ቀላ ቀላ ብሎ ደስ አለኝና ተመልሼ ተኛሁ። ጠዋት ምድጃው በርዶ ተገኘ። አያቴ አልተቆጣችኝም። «እሳቱማ ነበረ፣ ያላመንከው አንተ ነህ» አለችኝ። ገል አስይዛ እሳት እንድጭር ጎረቤት ላከችኝ።

እሳት መጫር ነውር አልነበረም። ዛሬ የኛ ይጠፋል፣ ነገ የነሱ። ፍም በገል ይዞ ግን መቆም የለም፣ ወሬ የለም፣ ጨዋታ የለም፣ መንገድ ላይ ይሞትብሃል። መጥቶ ወዲያው ልሂድ የሚለውን እንግዳ «እሳት ልትጭር ነው እንዴ የመጣኸው?» የምንለው ከዚህ ተነስተን ነው። ቤት ስደርስ አያቴ ፍሙን ከደረቀ ሣር ጋር አድርጋ እፍ ትላለች። መጀመሪያ የሚመጣው ጭስ ነው። ዓይኗ ያነባል፣ ታስላለች፣ እፍታዋን ግን አታቋርጥም። ነበልባሉ ከዚያ በኋላ ነው።

«ተዳፈነ» የሚለው አነጋገር መነሻው ምድጃ መሆኑን ማንም ያውቃል። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የማምነው ነገር አለ፤ ቃሉን ያሳደገው ቤተ ክህነት ነው እላለሁ። የደብራችን ቤተ ልሔም፣ የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርበት ቤት፣ እሳትም እንደ አያቴ እሳት ተዳፍኖ ነበር የሚያድረው። ሌሊት ዲያቆኑ አመዱን ገለጥ አድርጎ ፍም ያወጣና ጽናው ውስጥ ይጨምራል፣ ዕጣኑ ይታጠናል። ጽና ማለት ማጠኛው ነው። «ጽና!» ማለት ደግሞ በርታ፣ አትናወጥ ማለት ነው። የግእዝ መምህራን የማጠኛውን ስም ከመዓዛ ጋር ያያይዙት ይሆናል። እኔ ግን ተዳፍኖ ያደረ ፍም የሚገባበት ዕቃና የመጽናት ትእዛዝ አንድ ቃል መሆናቸው አጋጣሚ አይመስለኝም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 6ም የመሠዊያው እሳት ሁልጊዜ ይንደድ እንጂ አይጥፋ ካለ በኋላ ካህኑ ማለዳ ማለዳ እንጨት እንዲጨምርበት ያዛል። እሳቱ የሰው እጅ ይፈልጋል።

በደርግ ዘመን የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፣ ከወንጌላውያን (ፕሮቴስታንት) አንዷ፣ በ1974 ዓ.ም. ተዘጋች። ሕንፃዋ ተወረሰ፣ መሪዎቿ ታሰሩ። ከውጭ ላየው ሰው አመድ ነበረች። አማኞቿ ግን ጥቂት ጥቂት እየሆኑ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በየቤቱ ይጸልዩ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ብዙ እጥፍ ሆነው ወጡ። እኔ የዚያች ቤተ ክርስቲያን ልጅ አይደለሁም። የተዳፈነ እሳት ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ግን ከአያቴ ምድጃ ቀጥሎ የምጠራው እነሱን ነው።

እናቴ ያረፈች ጊዜ እኔም ደርሶብኛል። ጸሎት አፌ ውስጥ ይደርቅ ነበር። «ለምን?» የሚለው ጥያቄ አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ። ለንስሐ አባቴ በግልጽ ነገርኳቸው። አልገሠጹኝም። «መጸለይ ካቃተህ እኛ ስንጸልይ አጠገባችን ቁም» አሉኝ። አንድ ዓመት ያህል ዓምዱ ስር ዝም ብዬ ቆምኩ። የጎረቤት እሳት ነበር የምሞቀው። በዳግም ትንሣኤ ስለ ቶማስ የሚናገረው የዮሐንስ ወንጌል ሲነበብ ያን ዓመት ነው የገባኝ። ቶማስ ካላየሁ አላምንም ብሎ ሳለ፣ ከስምንት ቀን በኋላ ከሌሎቹ ጋር እዚያው ቤት ውስጥ ነበረ። ከጓደኞቹ አልራቀም። እነሱም አላባረሩትም።

እባካችሁ ቃሉን እንጠንቀቅለት። ለጠፋ ነገር «ጠፋ» የሚል ቃል አለን፣ «ከሰመ»ም አለን። ለሚያሰጋም ነገር ስንት ቃል አለ። «ተዳፈነ» ግን ለነገ ተብሎ በሰው እጅ የተሸፈነ ነው። ወላጆችም ልጃቸው በጠየቀ ቁጥር በቁጣ ባይቆሰቁሱት እወዳለሁ፣ ፍሙን ይበትኑታል።

ዘመዴን ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ይህን ሁሉ አላልኳትም። «ማተቡንስ በጥሶታል?» ብዬ ብቻ ጠየቅኳት።

«ኧረ አላወለቀውም! አንገቱ ላይ ነው። ትናንት ሲታጠብ አይቸዋለሁ።»

«እንግዲያ አላለቀም በያ» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለችና «ለቅዳሜ ና ልበለው? ቡና አፈላለሁ፣ አንተም ትመጣለህ» አለችኝ።