መኪናውን ሸጣችሁ፣ ኢንሹራንሱን መቼ ነው የምትዘጉት?

ሜሪላንድ ውስጥ መኪናውን የሸጠ ሰው ወዲያው ኢንሹራንሱን መዝጋት ያምረዋል። ቆይ፣ አትቸኩሉ! መጀመሪያ ታርጋው ነው። እዚያ ታርጋ የባለቤቱ እንጂ የመኪናው አይደለም፤ ስለዚህ ገዢው ሲረከብ ፈታችሁ ታስቀራላችሁ። «ቤቴ እስክደርስ ብቻ» ቢላችሁም እንዳትሰጡት፣ ይሉኝታ እዚህ ላይ ያስከፍላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። ኤምቪኤ (የሜሪላንድ የመኪና ምዝገባና መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት) የሚያየው መኪናው መሸጡን ሳይሆን በስማችሁ ያለው ታርጋ ኢንሹራንስ እንዳለው ነው፤ ታርጋውን ሳትመልሱ ኢንሹራንሱን ከዘጋችሁ፣ መኪናው ከእጃችሁ ከወጣ ወር ቢሞላውም ኢንሹራንስ የሌለው መኪና እንደያዛችሁ ተቆጥሮ ቅጣት ይመጣል፣ ቀን በጨመረ ቁጥርም ያድጋል።

እና ታርጋውን መልሱ፣ ደረሰኙን ያዙ፣ ከዚያ ለኢንሹራንሱ ደውሉ። ቀድማችሁ የከፈላችሁት ካለ ቀሪውን ገንዘብ ጠይቁ፣ ዝም ካላችሁ ማንም አያስታውሳችሁም። ሌላ መኪና ልትገዙ ከሆነ ግን ታርጋውን ወደ አዲሱ ማዛወር ይቻላል፤ ያኔ ኢንሹራንሱን አትዝጉት፣ መኪናውን ብቻ አስቀይሩ።

ገዢውስ? የእናንተ ኢንሹራንስ አይተላለፍለትም፤ የራሱን ይግዛ።