ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲቀየር የቨርቹዋል ማሽን አያያዝ በአዳማ

ቨርቹዋል ማሽን በኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። ፒችትሪ የተባለውን አሮጌ የሂሳብ ሶፍትዌር በዊንዶውስ 7 ይዞ መቀጠል ለሚፈልግ የአዳማ ሂሳብ ሠራተኛም ሆነ ሊኑክስን ለሚለማመድ ተማሪ ይጠቅማል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ወደ ዊንዶውስ 11 የሚሸጋገረው በዝቷል።

ከሁሉ የከፋው ጥፋት የሚደርሰው ኮምፒውተሩ ለፎርማት ጥገና ቤት ሲሰጥ ነው። ባለቤቱ ሰነዱን ሁሉ ዲ በተባለው የዲስኩ ክፍል ላይ ስላስቀመጠ ይረጋጋል። ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያሠራው ቨርቹዋልቦክስ የተባለው ሶፍትዌር ግን ቦታ ካልተቀየረለት ማሽኖቹን የሚያስቀምጠው በተጠቃሚው ፎልደር፣ ማለትም ዊንዶውስ ባለበትና በፎርማት በሚጠፋው ሲ ላይ ነው። ሲ ሲጠፋ የዓመታት ሂሳብ አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ አስቀድሞ እንግዳውን ሲስተም (በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ያለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ሙሉ በሙሉ መዝጋት ያስፈልጋል፤ ባለበት አቁሞ ማስቀመጥ አይበቃም። እንዲህ የተቀመጠ ማሽን በአዲስ የሶፍትዌር ስሪት ላይ ላይነሳ ይችላል። ቀጥሎ ፎልደሩን እንዳለ ወደ ውጫዊ ዲስክ መገልበጥ ነው። ስናፕሾት (የማሽኑ የቀድሞ ሁኔታ የተመዘገበበት ነጥብ) ካለ የማሽኑን ዋና የዲስክ ፋይል ብቻ መውሰድ ከስናፕሾቱ ወዲህ የተሠራውን ያስቀራል። ፋት 32 በተባለው የፋይል አደረጃጀት የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ኤክስፋት ይሁን። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ሽግግሩ ስለሚበላሽ ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) አይጀመርም።

ዊንዶውስ 11 ከገባ በኋላ ማሽኑ ቢንቀራፈፍና ከመስኮቱ ግርጌ የኤሊ ምልክት ቢታይ፣ የዊንዶውስ የራሱ የቨርቹዋል ማሽን ሥርዓት የሆነው ሃይፐር-ቪ የፕሮሰሰሩን ቨርቹዋላይዜሽን (ቨርቹዋል ማሽን የማሠራት አቅም) ይዞታል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ መነሻው ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የተባለው የዊንዶውስ የደህንነት መከላከያ ነው። እሱን ማጥፋት ፍጥነቱን ሊመልስ ይችላል፤ የባንክ ሥራ በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ ግን መንቀራፈፉን መታገሥ ይሻላል። ማሽኑ ጭራሽ ካልተነሳ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ይታይ፤ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲደክም ቨርቹዋላይዜሽን ተመልሶ ሊዘጋ ይችላል።

በሊኑክስ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) በተቀየረ ቁጥር የቨርቹዋልቦክስ ሞጁሎች፣ ማለትም በከርነሉ ላይ የሚጫኑት ክፍሎቹ፣ እንደገና መገንባት አለባቸው፤ ለዚህም ለግንባታው የሚያገለግሉት የአዲሱ ከርነል ሄደር ፋይሎች ያስፈልጋሉ። ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር ሲነሳ የሚከለክል መከላከያ) ከበራ ደግሞ ሞጁሎቹ ካልተፈረሙ አይጫኑም። ከከርነል 6.12 ጀምሮ የሊኑክስ የራሱ የቨርቹዋል ማሽን ሥርዓት የሆነው ኬቪኤም ገና ሲጫን ፕሮሰሰሩን ስለሚይዝ ቨርቹዋልቦክስ ስህተት ያሳያል፤ የተጫነውን የኬቪኤም ሞጁል ከከርነሉ ማስወጣት ይፈታዋል።

ዊንዶውስ 7 ከጥር 2012 ዓ.ም. ወዲህ መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ አያገኝም። ፒችትሪ ለብቻው የሚሠራ ከሆነ የእንግዳው ኔትወርክ ይዘጋ። የድሮው ቅጂም አዲሱ ማሽን ተከፍቶ ሂሳቡ እስኪመሳከር ድረስ አይሰረዝ።