ዲኤንኤምቲ ምንድን ነው? ከጉበት ካንሰር ጋርስ ምን ያገናኘዋል?

የጉበት ሕዋስና የአንጎል ሕዋስ የያዙት ዲኤንኤ አንድ ነው። የሚለያዩት በሚሠራውና በተዘጋው ዘረመል ነው። ከመዝጊያ መንገዶቹ አንዱ ሜቲሌሽን ነው፦ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያላት ሜቲል፣ ሳይቶሲን በተባለው የዲኤንኤ ፊደል ላይ ትለጠፋለች፤ በአብዛኛው ከሳይቶሲኑ ቀጥሎ ጓኒን ሲኖር። ለጣፊዎቹ ኢንዛይሞች ዲኤንኤምቲ ይባላሉ።

ዲኤንኤምቲ3ኤ እና 3ቢ አዲስ የሜቲል ምልክት ያኖራሉ። ዲኤንኤምቲ1 ግን ገልባጭ ነው። ሕዋስ ሊከፈል ሲል የሚሠራው አዲስ ክር ምልክት የለውም፤ ዲኤንኤምቲ1 የአሮጌውን ክር ምልክት በአዲሱ ላይ ይደግማል፤ ቦታውን የሚጠቁመው ዩኤችአርኤፍ1 የተባለ ፕሮቲን ነው። ሜቲሏን የሚሰጠው ሳም የተባለ ሞለኪውል ሲሆን፣ ዋና ማምረቻው ራሱ ጉበት ነው። በጉበት ውስጥ ሳምን የሚሠራው ማት1ኤ የተባለው ዘረመል በሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ ሲሞላ) እና በካንሰር ይዳከማል፤ ይህ ዘረመል የተነቀለባቸው አይጦችም ውሎ አድሮ የጉበት ካንሰር ይይዛቸዋል።

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። በጉበት ካንሰር ዕጢ ውስጥ ለጣፊዎቹ ኢንዛይሞች ብዙ ጊዜ ከጤነኛው ጉበት በዝተው ይገኛሉ፤ የዲኤንኤው ጠቅላላ ሜቲሌሽን ግን ቀንሶ ይታያል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ቦታው ይለያያል። ዘግይተው የሚገለበጡት ሰፋፊ የዲኤንኤ ክፍሎች ሕዋሱ በተከፋፈለ ቁጥር ምልክት እያጡ ይሄዳሉ፤ ክሮሞዞምም ይናጋል። በአንጻሩ ዕጢን የሚገቱ ዘረመሎች መነሻ ላይ ምልክቱ ይከመራል። ሲዲኬኤን2ኤ ሲዘጋ የሕዋስ መከፋፈልን የሚያቆመው ፒ16 ፕሮቲን ይጠፋል። ሶክስ1 (SOCS1) ሲዘጋ ደግሞ ጃክ-ስታት በተባለው የሕዋስ መልእክት መንገድ በኩል የሚመጣውን የእድገት ትእዛዝ የሚያበርድ ፍሬን አይኖርም። ከፊደሉ አንድም አልተለወጠ፤ ዘረመሉ ግን ዝም ብሏል። ለውጡ ዕጢ ሳይታይ፣ ገና በሲሮሲስ ጊዜ ሊጀምር ይችላል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ኤችቢኤክስ ፕሮቲንም በሕዋስ ሙከራዎች እነዚህን ኢንዛይሞች ሲያበዛ ታይቷል።

ምልክቱ ሊነሳ ስለሚችል መድኃኒት ተሠርቶለታል። አዛሲቲዲን (በአሜሪካ 2004 የጸደቀ) እና ዴሲታቢን (2006) ሳይቶሲንን መስለው ዲኤንኤ ውስጥ ይገባሉ፤ ኢንዛይሙ ሊለጥፍ ሲመጣ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። የጸደቁት ግን ለደምና ለመቅኒ በሽታዎች ነው። ለጉበት ካንሰር ያለው ችግር ግልጽ ነው፦ መድኃኒቱ ቦታ አይመርጥም፤ ፒ16ን ሲከፍት ቀድሞ የተራቆተውን ክፍል ይበልጥ ያራቁታል። የሚሠራውም ሕዋሱ ዲኤንኤውን በሚገለብጥበት ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ በዝቅተኛ መጠን ለተከታታይ ቀናት ይሰጣል፤ መጠኑ ከበዛ ምልክት ማንሳቱ ቀርቶ ሕዋሱን በቀጥታ ይገድላል።