«ለቀባሪ አረዱት»፦ ልጅ ሞትን የሚያውቀውና የሚረዳው መቼ ነው?

«ለቀባሪ አረዱት» የምንለው አንድ ሰው ከማንም በላይ የሚያውቀውን ነገር መልሰው ሲነግሩት ነው። በዝናብ በስብሶ ለገባ ሰው፣ ቤት የዋለው «ውጭ እኮ እየዘነበ ነው» ቢለው፣ ለቀባሪ አረዱት ማለት ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ ለጨዋታ ወይም ለትንሽ ሽሙጥ እንጠቀምበታለን። ቃላቱ የመጡበት ቦታ ግን የጨዋታ ቦታ አይደለም።

አባባሉ ሁለት ቃል ብቻ ነው። መነሻውም እዚያው ቃላቱ ውስጥ ተቀምጧል። ቀባሪ ማለት የቀበረ ሰው ነው። አስከሬን የተሸከመ፣ አፈር ያለበሰ። አረዳ ማለት ደግሞ መርዶ ነገረ፣ የሰው ሞት አሰማ ማለት ነው። እንግዲህ ሰውየው ቀብሮ እየተመለሰ ነው። አፈሩ ከእጁ ገና አልለቀቀም። አንዱ ፊቱን አክብዶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይቀርበውና «እገሌ እኮ ሞተ» ይለዋል። ቀባሪው ምን ይመልስ? አባባሉ መልሱን አይነግረንም። እዚያው ላይ ያቆማል።

አረዱት የሚለው ቃል ሲነበብ ሁለት መልክ አለው። «ረ» ጠብቆ ከተነበበ በቢላ ነው። «ዱ» ጠብቆ ከተነበበ በቃል ነው። በፊደል ግን ልዩነት የላቸውም። መርዶ በድንገት፣ በግዴለሽ አፍ የደረሰበት ሰው ሁለቱ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ያውቃል።

ከአረዳ ጋር የሚዛመዱ ቃላት ደግሞ አሉ። መርዶ አንዱ ነው። ተረዳ ሌላው ነው። «እስካሁን አልተረዳችም» ስንል የዘመዷ ሞት አልተነገራትም ማለታችን ሊሆን ይችላል። አልገባትም ማለታችንም ሊሆን ይችላል። አስረዳና ማስረጃም ከዚሁ ቤት ናቸው። አማርኛ ሞትን መስማትና ነገርን መገንዘብን በአንድ ቃል ነው የሚጠራው። እኔ ይህን ዝምድና ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው። ያስተማረኝም የአምስት ዓመት ልጅ ነው።

እናቴ ያረፈች ጊዜ የወንድሜ ልጅ አምስት ዓመቱ ነበር። ያሳደገችው እሷ ናት፤ እማማ ነው የሚላት። ከቀብር በፊት ሌላ ቤት ወስደን አስቀመጥነው። ሲመለስ ቤቱ ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ እሷ የለችም። «እማማ የት አለች?» አለ። «ሩቅ አገር ሄዳለች» አልኩት። ያልኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አላዘዘኝም። ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ መስኮቱ ሥር ወዳለው ጠረጴዛ ሄደ። መነጽሯ እዚያ ነበር፤ አንዱ እጀታው ተሰብሮ በክር የታሰረ። አነሳውና «ታዲያ ይሄን ሳትይዝ በምን ታያለች?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ያለ መነጽሯ ከአልጋዋ እስከ በር እንኳ እንደማትሄድ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ጠዋት ጠዋት የሚያቀብላት እሱ ነበር። ማስረጃው በእጁ ነው። እኔ ደግሞ ለቀባሪ ማርዳት እንኳ አልቻልኩም። ለቀባሪ ዋሸሁ።

«ልጅ ምን ያውቃል» የምንለው ነገር ብዙ ቤት አጥፍቷል ብዬ አምናለሁ። ልጅ ሲገባ ወሬ የሚቆም ከሆነ፣ መቆሙን ይሰማል። የእናቱን ቀይ ዓይን ያያል። ስልክ ስትይዝ ጀርባዋን እንደምትሰጥ ያያል። የጎደለበት ወሬው አይደለም፤ የሚያስረዳው ሰው ነው። ካልነገርነው ክፍተቱን በራሱ ሐሳብ ይሞላዋል። የልጅ ሐሳብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከእውነቱ የባሰ ነው።

ከዚያ በኋላ ስለሷ አልጠየቀኝም። ረስቷል ብዬ ደስ አለኝ። ግን ከተወ ዓመት ያለፈውን ነገር ጀመረ፤ ሌሊት አልጋው ላይ ይሸናል። ጠዋት ሆዴን ይላል። አባቱ ጫማውን ሲያደርግ እግሩን አቅፎ አለቅም ይላል። አሁን ሳስበው ሦስቱም ጥያቄዎች ነበሩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። «እማማ ሩቅ አገር አልሄደችም። ዋሽቼሃለሁ፣ ይቅርታ። እማማ ሞታለች» አልኩት። የመጨረሻዋን ቃል ለማውጣት ጉሮሮዬ እምቢ ብሎኝ ነበር። እሱ አላለቀሰም። ከትራሱ ሥር መነጽሩን አወጣ። «አውቃለሁ» አለኝ። ትንሽ ቆየና ደግሞ «አክስቴ፣ አሁን ይበርዳታል?» አለኝ።

እነዚህ ሁለት ንግግሮች ጎን ለጎን ናቸው። «አውቃለሁ» እና «ይበርዳታል?» ወሬውን ያውቃል፤ ገና ግን አልተረዳም። አባባላችን ለሚያውቅ ሰው አትንገሩ ይላል። ለአዋቂ ልክ ነው። ልጅ ግን ቀባሪም ሆኖ መርዶ ያስፈልገዋል። እሱ የሚያስፈልገው መርዶ ደግሞ ማስረዳት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 ማሪያ ናጅ የምትባል ተመራማሪ በሃንጋሪ ቡዳፔስት ከ3 እስከ 10 ዓመት ያሉ 378 ልጆች ሞትን እንዴት እንደሚያስቡ ያጠናችውን ጥናት አሳትማ ነበር። ትንንሾቹ ሞትን እንደ ጉዞ ወይም እንደ እንቅልፍ ነበር የሚያዩት። የሞተው ሰው ሌላ ቦታ እየኖረ ነው፣ ወይም ይነቃል። እንግዲህ እኔ «ሩቅ አገር ሄዳለች» ስል ልጁን ሊወጣበት ከሚገባው ሐሳብ ውስጥ መልሼ ቆለፍኩበት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ስፒስና ብሬንት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ቀደም ያሉትን ጥናቶች ሰብስበው አይተዋል። ልጅ ሞትን ለመረዳት ሦስት ነገር እንደሚያስፈልገው ጻፉ። የሞተ አይመለስም። የሞተ ሰው አካል ሥራውን ሁሉ ያቆማል። ሕይወት ያለው ሁሉ ይሞታል። አብዛኞቹ ልጆች ሦስቱን የሚጨብጡት ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ነው ብለዋል። «ይበርዳታል?» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛው ላይ የቆመ ልጅ ጥያቄ ነው።

የቋንቋችን ጨዋነት እዚህ ላይ ያስቸግረናል። ሞተ ማለት ይከብደናል። አረፈች፣ አለፈች፣ ተለየችን፣ አሸለበች፣ አንቀላፋች እንላለን። ለአዋቂ ጆሮ ደግ ቃላት ናቸው፤ እኔም ከላይ «ያረፈች ጊዜ» ብያለሁ። ልጅ ግን ቃሉን እንደ ወረደ ነው የሚወስደው። ያረፈ ሰው ድካሙ ሲወጣለት ይነሳል። ያንቀላፋ ይነቃል። አያቱ አንቀላፍታ ከቀረች፣ ማታ «ተኛ» ሲባል ለምን አይፈራ? «እግዜር ስለሚወዳት ወሰዳት» ከተባለም፣ እሱ የሚወዳቸውን ሁሉ ይወስድ ይሆን ብሎ ያስባል። እምነታችንን አንንገረው ማለቴ አይደለም። ግን ግልጹ ቃል ይቅደም። «ሞታለች። ልቧ መምታት አቁሟል። አትተነፍስም። አይርባትም፣ አይበርዳትም፣ አያማትም። ተመልሳ አትመጣም።» የቀረው ከዚህ በኋላ ይደርሳል።

መርዶውን የሚነግረው ልጁ የሚያምነው፣ የሚቀርበው ሰው ቢሆን ጥሩ ነው። በቁመቱ ልክ ዝቅ ብሎ፣ ቴሌቪዥኑን ዘግቶ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ዝምታ። ጥያቄው ይመጣል። ነገም ያው ጥያቄ ይመጣል። የወንድሜ ልጅ «ግን ለልደቴ ትመጣለች?» ብሎ በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ጠይቆኛል። በአራተኛው ጊዜ ቃሌን ሳልለውጥ ያንኑ ስመልስለት ነገሩ ትንሽ ጠንከር እንዳለለት አየሁ። መልሱ ባለመለዋወጡ የሚረጋጋ ይመስለኛል።

አንድ ማታ ደግሞ መብራት ካጠፋሁ በኋላ «ስለጮህኩባት ነው?» አለኝ። ከመሞቷ በፊት በነበረው ማታ እራት አልበላም ብሎ ጮሆባት ነበር። ያንን ለሦስት ሳምንት ተሸክሞት ኖሯል። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች የተናገሩት ወይም ያሰቡት ነገር በዓለም ላይ የሚሆነውን የሚያደርግ ይመስላቸዋል። ለዚህ ነው ልጁ ባይጠይቅም እንኳ «አንተ ያደረግከው፣ የተናገርከው፣ ያሰብከው ነገር አይደለም የገደላት» ማለት የሚያስፈልገው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ልጅ ግን በሽታውን የሚደብቀው ስም ስለሌለው ነው። ስሙን አዋቂው መስጠት አለበት።

ቀብር ላይ ይገኝ ወይስ አይገኝ የሚለው ሁልጊዜ ያከራክራል። እኔ ምርጫው የልጁ ይሁን ባይ ነኝ፣ ግን ምን እንደሚያይ አስቀድሞ ተነግሮት። ሰው እንደሚያለቅስ፣ አፈር እንደሚደረግ። መውጣት ሲፈልግ ይዞት የሚወጣ፣ ሐዘኑ ያልበረታበት ሰው ከጎኑ ይኑር። አልፈልግም ካለም ቤት ሆኖ ሥዕል ሥሎ ወይም አበባ ቆርጦ መላክ ይችላል። እኛ የኛን ልጅ ከቀብሩ አስቀረነው። በገዛ እጁ፣ በአንድ መነጽር፣ ብቻውን ነው የቀበራት። ከሁሉ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ልጅ እያለቀሰ ድንገት ኳስ አንስቶ ሲወጣ «ይሄ ልጅ አላዘነም» የሚሉ አሉ። አዝኗል። የልጅ ሐዘን ገባ ወጣ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ማርጋሬት ስትሮቤና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች ሐዘንተኛ ሰው ወደ ሐዘኑና ወደ ኑሮው እየተመላለሰ እንደሚድን ጽፈዋል። እነሱ የጻፉት ስለ አዋቂ ነው፤ ልጅ ላይ ግን ምልልሱ ፈጣን ስለሆነ በዓይን ይታያል። ስለዚህ ይጫወት። እራቱ፣ መኝታው፣ ትምህርት ቤቱ በሰዓቱ ይሁን።

የትልልቆቹ ልጆች ደግሞ ሌላ ነው። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ ሁሉንም ተረድታለች። ችግሯ «አንቺ በርቺ፣ እናትሽን አይዞሽ በያት» መባሏ ነው። በአንድ ቀን እናት ትሆናለች። እሷም ልጅ ናት፤ እሷንም አይዞሽ የሚላት ይኑር።

አሁን ወደ አዋቂዎቹ ልምጣ። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዊልያም ዎርደንና ፊሊስ ሲልቨርማን የተባሉ ተመራማሪዎች እናት ወይም አባት የሞተባቸውን የ70 ቤተሰብ ልጆች፣ 125 ልጆችን፣ ለሁለት ዓመት ተከታትለዋል። ልጁ እንዴት እንደሚሆን ከሁሉ በላይ የሚናገረው የቀረው ወላጅ ሁኔታ ሆኖ አገኙት። ወላጅ ቆሞ ከሄደ ልጅም ይቆማል። ይህ ማለት ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ ጥርስ ነክሶ መዋል አይደለም። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውኃ ከፍቶ የሚያለቅስ አባት ልጁን አያታልልም። «እማማ ናፍቃኝ ነው የማለቅሰው፤ ትንሽ ቆይቼ እራት እንሠራለን» ቢለው ግን ልጁ ሁለት ነገር ይማራል፤ ይለቀሳል፣ ከዚያም እራት ይሠራል። ወንድሜ ይህን ለማለት ወራት ፈጅቶበታል። ከሱ ጋር ምግብ ያበሰለ፣ ልጁን ያጠበ፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ነው ያገዘው። ምክር የሰጠው ሰው አልነበረም።

ልጁ ወራት አልፎም ካልተሻለው፣ ከጨዋታ ከራቀ፣ ትምህርቱ ከወደቀ፣ «እኔም ሞቼ ልከተላት» ማለት ከጀመረ ግን ባለሙያ ያስፈልጋል። የመጨረሻው ንግግር ከተሰማ አንድ ቀንም አይጠበቅ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ የማይለቅ ሐዘንን እንደ ሕመም ሲመዘግብ ለአዋቂ ቢያንስ 12 ወር፣ ለልጅ ቢያንስ 6 ወር ብሏል። ስድስት ወር በልጅ ዕድሜ ረጅም ነው።

ሌላው ደጋግሜ የምሰማው «አታስታውሱት፣ ይርሳ» የሚለው ነው። በማሳቹሴትሱ ጥናት ብዙዎቹ ልጆች ከሟቹ ዕቃ አንድ ነገር አስቀምጠው ነበር፤ ሟቹንም ያናግሩት ነበር። ይህ ሕመም አይደለም። ስለዚህ መነጽሩን ከልጁ አልወሰድንበትም። ክሩ ሲበጠስ በአዲስ ክር አሰርንለት።

ዛሬ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር መሳቢያውን ሲያስተካክል መነጽሩን አገኘውና ለኔ አሳየኝ። «እማማ እኮ በቀሚሷ ጫፍ ነበር የምትወለውለው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «መጀመሪያ ግን ሁለት ጊዜ ትተነፍስበት ነበር። ከዚያ ለኔ ትሰጠኝና እኔም አንድ ጊዜ እተነፍስበታለሁ።»

ይህን አላውቅም ነበር።